እግራችን ሥር የነበሩት የቆቅ ጫጩቶች

ዛሬ ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ስንሄድ አባ ድንገት ክንዴን ያዙኝ። «ቁም ልጄ፣ እንዳትረግጣቸው!» አሉኝ። ከፊታችን አንዲት ቆቅ ትሮጣለች። አልበረረችም። አንገቷን አስግጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባችና ትጮህ ጀመር።

ጫጩቶቿ እግራችን ሥር ነበሩ። አንዱን ያየሁት ዓይኑ ብልጭ ስላለ ብቻ ነው። ደረቅ ቅጠል ላይ ልጥፍ ብሏል። ጀርባው ላይ ያለው ቡናማ መስመር ከቅጠሉ አይለይም። ጭራሽ አይንቀሳቀስም! እናትየው እስክትጠራው እንዲያ ነው የሚቆየው።

ቆቅ የዶሮና የድርጭት ዘመድ ናት። እንቁላሏን የምትጥለው መሬቱን ጫር ጫር አድርጋ፣ ሣር ጣል አድርጋ እዚያው ነው። ጫጩቶቿ እንደ እርግብ ልጅ ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው እስኪመገቡ አይጠብቁም። በተፈለፈሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተነስተው ይከተሏታል። ቅጠል እየጫሩ ዘርና ነፍሳት ይለቅማሉ።

እኔን የሚያሳስበኝም ይኼው ነው። ስለ ደን ስናወራ ትልልቁን ጽድና ወይራ እናያለን። የቆቅ ኑሮ ግን ከታች ነው፤ በረገፈው ቅጠል፣ በቁጥቋጦው ውስጥ። ከብት ገብቶ ያንን ከጋጠውና ከረጋገጠው፣ ዛፉ ቢቆምም እሷ መደበቂያ የላትም። ችግኙም አብሮ ያልቃል። እዚህ ዙሪያው በድንጋይ ካብ ከታጠረ ወዲህ ከብት እንደማይገባ አባ ነገሩኝ። በየደብሩ እንዲህ ቢደረግ ምን ነበረበት? እናንተ ሰፈር ያለው ደን አጥር አለው?