አልረጋም ያለው ናሙና

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ፣ የደም መርጋት ምርመራ ክፍል ነው። ሥራችን ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል። ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ላይ መርጋቱን የሚያስጀምር ሪኤጀንት ይጨመራል፣ ማሽኑም እስኪረጋ ድረስ ሰከንድ ይቆጥራል። ቁጥሩ ምን እንደሚል ማወቅ ግን ሌላ ሥራ ነው።

አንድ ሌሊት የመጣው ናሙና ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ የአንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ነበር። ጠዋት ቀዶ ጥገና ተይዞላቸዋል። የሰመመን ሐኪሙ በጀርባ አከርካሪ በኩል መርፌ ሊወጋቸው አስቧል። የሚወስዱት መድኃኒት ዝርዝር አልተገኘም። ደም ለመርጋት የሚፈጀውን ጊዜ ከሚለኩት ሁለቱ የተለመዱ ምርመራዎች፣ ፒቲ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ኤፒቲቲ ደግሞ በግልጽ ረዝሟል። ምክንያቱን ለማወቅ የትሮምቢን ጊዜ የሚባለው ምርመራ ተጨመረ፤ ትሮምቢን የተባለውን ደም የሚያረጋ ኢንዛይም ፕላዝማው ላይ ጨምረን እስኪረጋ የምንቆጥርበት ነው። ይህ በጤነኛ ሰው ከ20 ሰከንድ ብዙም አያልፍም። ማሽኑ እስከ መጨረሻው ገደብ ቆጥሮ «አልረጋም» የሚል ውጤት አወጣ።

ተረኛው ኃላፊ ወዲያው «ሄፓሪን ገብቶበታል፣ ከተተከለው መስመር ላይ ነው የቀዱት» አለ። ሄፓሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ነው፤ ከመስመሩ ወደ ናሙናው መግባቱ ያልተለመደ ነገር አይደለም፤ በየጊዜው ያጋጥማል። ከሌላኛው ክንድ እንደገና ተቀዳ። ያው ነው። ሄፓሪንን የሚያፈርስ ኢንዛይም ጨምረን ደገምነው። አሁንም ያው። በዚህ ጊዜ «ሬፕቲሌዝ እንሞክር» አልኩት። ይህ ከእባብ መርዝ የሚገኝ ኢንዛይም ነው። እንደ ትሮምቢን፣ ፋይብሪኖጅን የተባለውን የረጋ ደም ክር የሚሠራበትን ፕሮቲን ቆርጦ ደም ያረጋል፣ ትሮምቢንን የሚያግዱት መድኃኒቶች ግን እሱን አይነኩትም። በሬፕቲሌዝ ፕላዝማው በሰዓቱ ረጋ።

እንግዲህ ፋይብሪኖጅኑ ደህና ነው። የተያዘው ትሮምቢን ነው። የያዘውም ሄፓሪን አይደለም።

እዚህ ላይ የትሮምቢንን ቅርጽ ያየ ሰው ብዙ አይቸገርም። ትሮምቢን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ነው። ፊቱ ላይ ጠለቅ ያለ ስንጥቅ አለው። ፕሮቲን የሚገነባው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ቁራጮች ነው፤ በስንጥቁ ውስጥ ዋናውን የመቁረጥ ሥራ የሚሠራው በ195 ቁጥር የሚታወቀው አሚኖ አሲድ፣ ሴሪን ነው። አጠገቡ ጠባብ ኪስ አለ። ከኪሱ ታች ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው፣ በ189 ቁጥር የሚታወቀው አስፓርቲክ አሲድ ተቀምጧል። ፋይብሪኖጅን ውስጥ ያለው አርጂኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ፖዚቲቭ ስለሆነ ወደዚያ ኪስ ይሳባል፣ ይገባል፣ ከዚያ ይቆረጣል። ደማችን የሚረጋው በዚህ ነው። ኪሱን ሌላ ነገር ከያዘው ፋይብሪኖጅን የሚገባበት የለም።

የሰው ትሮምቢን ሥራውን ከሚያግድ ሞለኪውል ጋር ተጣብቆ በዝርዝር የታየው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ሙኒክ አጠገብ፣ ማርቲንስሪድ ባለው የማክስ ፕላንክ ተቋም፣ ቮልፍራም ቦደና ባልደረቦቹ ክሪስታሉን በኤክስሬይ መርምረው በ1.9 አንግስትሮም ጥራት አወጡት (አንድ አንግስትሮም የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው)። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የአልቅቱ ሂሩዲን ከትሮምቢን ጋር ታየ። 65 አሚኖ አሲዶች ያሉት ይህ ፕሮቲን አንዱን ጫፉን ስንጥቁ ውስጥ ይከታል፣ ረጅም ጅራቱን ደግሞ ፋይብሪኖጅን በሚያርፍበት ጎን ላይ ይዘረጋል። አልቅት የነከሰው ቦታ ቶሎ ደሙ የማይቆመው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ያንን ሥዕል መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ እንዴት እንደተደነቅሁ እስካሁን አስታውሳለሁ።

ዳቢጋትራን የተባለው ደም የሚያቀጥን እንክብል፣ በንግድ ስሙ ፕራዳክሳ፣ ከሂሩዲን እጅግ ያነሰ ሞለኪውል ነው። ነገር ግን ፖዚቲቭ ጫፉን እዚያው ኪስ ውስጥ ይሰካል። ሄፓሪን እዚያ አይገባም፤ እሱ የሚሠራው አንቲትሮምቢን የተባለውን የሰውነታችንን ፕሮቲን አበርትቶ ነው። ሄፓሪን ማፍረሻው ምንም ያልለወጠልን ለዚህ ነው። ፒቲ ብዙ አለመርዘሙም ግራ አያጋባም። በፒቲ ምርመራ ፕላዝማው ራሱ ብዙ ትሮምቢን ያመርታል። በትሮምቢን ጊዜ ምርመራ ግን እኛ የምንጨምረው ትሮምቢን ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ዳቢጋትራን እንኳ ሁሉንም ይይዘዋል።

ስልኩን አንስቼ ወደ ክፍሉ ደወልኩ። ያነሳችው ነርስ ሐበሻ ነበረች። ነገሩን ነገርኳት። «ቆይ ወንድሜ፣ አሁን ልጠይቃቸው» ብላ ስልኩን ሳትዘጋ ሄደች። ድምፃቸው ይሰማኛል።

«እማማ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ እንዴ?»

«ኧረ የለም ልጄ። የግፊቴንና የልቤን ብቻ ነው የምውጠው።»

«የልቡ ምን ዓይነት ነው? መልኩን ይንገሩኝ እስቲ።»

«ሰማያዊና ነጣ ያለ፣ ጠዋትና ማታ።»

ልጃቸው ከቤት የሳምንት መድኃኒት መደርደሪያውን ይዛ መጣች። ፋርማሲስቱ አየው፤ ዳቢጋትራን ነው። በነገራችን ላይ ይህ እንክብል ከራሱ ጠርሙስ ወጥቶ መደርደሪያ ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ እርጥበት ያበላሸዋል። ስሙ የተጻፈበት ጠርሙስ ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ሰዓት ባልፈለግን።

የሰመመን ሐኪሙ የጀርባውን መርፌ ሰረዘ። እንዲህ ባለ ደም ላይ አከርካሪ ውስጥ መርፌ ቢገባ ደም እዚያው ተጠራቅሞ ነርቭ ሊጫንና እግር ሊያሽመደምድ ይችላል። ኩላሊታቸውም ደከም ያለ ነበር። ዳቢጋትራን በአብዛኛው የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ እስኪጠራ መጠበቁ ረጅም ጊዜ ይወስድ ነበር። ስለዚህ ኢዳሩሲዙማብ 5 ግራም ተሰጣቸው። ይህ የዳቢጋትራንን ሥራ የሚሽር መድኃኒት ነው። ዳቢጋትራንን ትሮምቢን ከሚይዘው 350 ጊዜ ያህል አጥብቆ የሚይዝ የፀረ እንግዳ አካል ቁራጭ ነው። ከዚያ በኋላ የተቀዳው ናሙና ሲመጣ እኔው ራሴ ማሽኑ ላይ ጫንኩት። የትሮምቢን ጊዜው ጤናማ ሆኖ ወጣ። ቀዶ ጥገናውም በዚያው ቀን ተሠራ።

ክፍላችን ውስጥ አሁንም ያልተቋጨ ክርክር አለ። የመድኃኒት ዝርዝሩ ላልታወቀ ታካሚ ሁሉ ከቀዶ ጥገና በፊት የትሮምቢን ጊዜ ይሠራ ወይስ ኤፒቲቲ ሲረዝም ብቻ? ኃላፊያችን ሁለተኛውን ይመርጣል። ኤፒቲቲ ግን ትንሽ ዳቢጋትራን ሊያመልጠው ይችላል፣ የትሮምቢን ጊዜ አያመልጠውም። ምርመራው ርካሽ ነው፣ ጥቂት ደቂቃም ብቻ ይወስዳል። ስለዚህ እኔ ለሁሉም ይሠራ ባይ ነኝ፣ በሚቀጥለው ስብሰባም ይህንኑ አነሳለሁ።