መጀመሪያ እግሬ ይስማው

ለውዝዋዜ ቡድናችን የየአገሩን ባህላዊ ሙዚቃ የምመርጠው እኔ ነኝ። ዜማው ምንም ቢማርከኝ ተነስቼ ሳልረግጠው አልወስደውም። የቡልጋሪያው ራቸኒጻና የግሪኩ ካላማቲያኖስ የሚባሉት ጭፈራዎች ሁለቱም ሰባት ምት አላቸው፤ ግን ራቸኒጻ 2፣ 2፣ 3 ተብሎ ሲቆጠር ካላማቲያኖስ 3፣ 2፣ 2 ነው። አንዴ አንዱን በሌላው ቦታ አጫውቼ የሰልፉ እግር ሁሉ ተጠላለፈ፤ ከዚያ ወዲህ በጭብጨባ ሳልቆጥር አላልፍም።

የሃንጋሪው ቻርዳሽ ለጀማሪ ደግ ነው፤ በዝግታ ተነስቶ እየፈጠነ ስለሚሄድ እግር እስኪለምድ ፋታ ይሰጣል። በማሽን ከበሮ የታጀበ ቅጂ ግን ፈጽሞ አልወድም፤ ትንፋሽ የለውም። ከጨፋሪዎች ፊት የተቀረጸ፣ የጫማ ኮቴ የሚሰማበት ካገኘሁ ሌላውን ሁሉ እተወዋለሁ።