ሦስት ሰርቪስ ቤት፣ ስምንት አልጋ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበር፤ ሲያርፍ ቤቱ እኔ ላይ ወደቀ። በ2014 ዓ.ም ክፍሎቹን ለተማሪ ላከራይ አልኩ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ዶርም አለው። የግል ኮሌጅ የሚማረው ግን ማደሪያውን ራሱ ነው የሚፈልገው። ከጭሮ ወይም ከበዴሳ መጥቶ ድሬ ላይ ዘመድ ከሌለው፣ መጀመሪያ የሚያገኘው ደላላ ነው።

እኔንም መጀመሪያ ያገኘኝ እሱው ነው። "ማዘር፣ ተማሪ አይታመንም፤ የስድስት ወር ቅድሚያ ይቀበሉ" አለኝ። ሰማሁት። የገበሬ ልጅ የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ከየት ያመጣል? ክፍሎቹ ሁለት ወር ተኩል ባዶ ተቀመጡ።

አንድ ማታ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። የአንዱ ክፍል ዋጋ 2,500 ብር ነበር፤ ባዶ በቆየበት ጊዜ 6,250 ብር ቀርቶብኛል። ሦስት አልጋ አስገብቼ እያንዳንዱን በ700 ብር ባከራየው ግን ከክፍሉ በወር 2,100 አገኛለሁ። በዓመት የሚጎድለኝ 4,800 ብቻ ነው። ለካ በውድ ዋጋ ባዶ ቤት እየጠበቅኩ ኖሯል! በማግስቱ በአልጋ ማከራየት ጀመርኩ። ቅድሚያ የአንድ ወር ብቻ። አንዱ ቢወጣ የእሱ ኪራይ በጓደኞቹ ላይ አይወድቅም። ሳምንት ሳይሞላ ስምንቱም አልጋ ተያዘ፤ አንዱ ክፍል ጠበብ ስለሚል ሁለት ነው የሚይዘው።

ሙቀቱን ግን ረስቼው ነበር። ድሬ ተወልጄ! ክፍሎቹ ቆርቆሮ እንጂ ኮርኒስ አልነበራቸውም። ልጆቹ ማታ ፍራሽ አውጥተው ግቢ ሲተኙ፣ የጨዋታ መስሎኝ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ከሰዓት የተሰበረ መቀርቀሪያ ለማየት ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ መብራት ሲጠፋ የሚያጠኑበት ሻማ ቆሟል። ቆሟል ማለት ይከብዳል፤ ሳይለኮስ ወገቡ ተቆልምሞ አንገቱን ደፍቷል። አፈርኩ። ቺፑድ ኮርኒስ አስመታሁ፣ ነፋስ እንዲያልፍ ከበሩ ትይዩ መስኮት አስከፈትኩ። ወጪው የሁለት ወር ገቢዬን በላ። ከዚያ ወዲህ ግን በዓመቱ መሀል የወጣ ልጅ የለም።

የመብራት ጭቅጭቅም ነበር። አንዱ ክፍል ምድጃ ይለኩሳል፣ ሌላው አምፖል ብቻ ያበራል፣ ቢሉ እኩል ይካፈላል። ከመጋላ ገበያ ለየክፍሉ ትንንሽ ቆጣሪ ገዛሁ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። ለውሃ ሮቶ አስቀመጥኩ። የድሬ ውሃ መቼም ድንጋይ ነው፤ የሻወሩን ቀዳዳ በየጊዜው ይደፍነዋል። ሎሚ አለልኝ።

በ2016 ዓ.ም የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ሲወጣ ብዙ ጎረቤት ደነገጠ። ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፣ ቅድሚያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይሁን ይላል። ቅድሚያው እኔን አልነካኝም። ሁለት ዓመቱ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ኋላ ሳስበው፣ ተማሪ የሚረጋልኝ ከሆነ የማገኘው እኔ ነኝ።

ሐምሌና ነሐሴ አሁንም ያስቸግራሉ። ልጆቹ አገራቸው ሲገቡ ዕቃቸውን አንዱ ክፍል እናከማቻለን፤ ሁለቱን ለክረምት ትምህርት የሚመጡ መምህራን ይይዟቸዋል። የዚያን ጊዜ ከተማሪዎቹ ኪራይ አልቀበልም።

ከደላላው ጋር ተለያይተናል። ባለፈው ዓመት የተመረቀው የበዴሳ ልጅ ቁልፉን ለእኔ አልመለሰም፤ ለታናሽ ወንድሙ ነው የሰጠው። ከዚያ ደወለልኝ። "ማዘር፣ አልጋዬን እሱ ይዞታል። ማንኮራፋቱን ብቻ ይቻሉት፣ አቦ!"