ሁለት ፊደል

የእኔ ኮምፒውተር ለጥገና በሄደበት ቀን አስቸኳይ ስህተት ተገኘ። አጠገቤ የሚቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ «በእኔው ኮምፒውተር ሥራ፤ እኔ ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ተርሚናሉን፣ ከፈትኩ፤ የቅርቡን ኮድ ለማውረድ እጄ እንደለመደው «ጂፒ» ብዬ ጻፍኩና የኢንተር ቁልፍን ተጫንኩ።

በእኔ ኮምፒውተር «ጂፒ» የጊት ፑል አሊያስ፣ ማለትም አጭር ስም ነው፤ ጊት ቡድኑ ኮዱን የሚጋራበትና የለውጦቹን ታሪክ የሚይዝበት ፕሮግራም ነው፣ ፑል ደግሞ የቅርቡን ኮድ ከሰርቨሩ ያወርዳል። በቀን ብዙ ጊዜ ስለምጽፈው ዓይኔ እንኳን አያየውም። የመጣው መልስ ግን በመደመር ምልክት የሚጀምር መስመር ነበር፦ ሁለት የኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ቁጥሮች፣ በመካከላቸው ሦስት ነጥብ፣ መጨረሻው ላይ በቅንፍ «ፎርስድ አፕዴት»። ከበላዩ ያለው የሰርቨሩ አድራሻም «ከ» ሳይሆን «ወደ» ይላል። ጀርባዬን ላብ አጠመቀው። በእሱ ኮምፒውተር «ጂፒ» ማለት ጊት ፑሽ ከነፎርሱ ኖሯል፦ እዚያው ያለውን ኮድ ወደ ሰርቨሩ የሚልክ፣ የሰርቨሩንም በግድ የሚተካ ትእዛዝ። እሱ ከትናንት ጀምሮ ኮድ አላወረደም፤ ስለዚህ ዋናው ቅርንጫፍ (ሁላችንም የምንሠራበት የኮዱ ቅጂ) ወደ ትናንት ተመለሰ፤ የጠዋቱ አምስት ኮሚት ከሰርቨሩ ቅርንጫፍ ወጣ።

የቡድን መሪያችን መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

«ምን ጻፍክ?»

«ጂፒ።»

«ጂፒ ምን ያደርጋል?»

«ኮድ ያወርዳል።»

«እዚህ ኮምፒውተር ላይ ነው የምልህ።»

መልስ አልነበረኝም። «ታይፕ ጂፒ» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ሼሉ (ትእዛዙን የሚቀበለው ፕሮግራም) ወዲያው ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅሁም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ኮዱ ተገኘ። ምሳ ሰዓት ላይ ፑል ያደረገች ባልደረባችን ነበረች፤ በመስመሩ ላይ የመጀመሪያው የኮሚት ቁጥር፣ ማለትም ቅርንጫፉ ከመመለሱ በፊት የነበረበት፣ እሷ ጋ ካለው የመጨረሻ ኮሚት ጋር ገጠመና ከእሷ ኮምፒውተር መልሰን ላክነው።

እስካሁን የሚከነክነኝ ሪፖርቱ ነው። የእኔ ስም ተጻፈ፤ ስለ አሊያሱ ግን አንድ ቃል የለም። ረጅም ትእዛዝ ማሳጠር ሥራ ያቀላል፤ እኔም አሳጥራለሁ። ፎርስን ያህል ነገር በሁለት ፊደል ውስጥ መሸሸግ ግን ማሳጠር አይደለም። ጊት ራሱ በውስጡ የሚሠሩ አሊያሶች የነባር ትእዛዞቹን ስም እንዲወስዱ አይፈቅድም፤ ፑሽ ሁልጊዜ ፑሽ ነው። «ፎርስ ዊዝ ሊዝ» የሚባለው አማራጭም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አለ። አሊያሱ ውስጥ እሱ ቢሆን ኖሮ፣ የሰርቨሩ ቅርንጫፍ ይህ ኮምፒውተር መጨረሻ ካየው የተለየ ነው ብሎ እምቢ ይል ነበር። ዋናውን ቅርንጫፍ ከፎርስ መጠበቅም በሰርቨሩ በኩል የአንድ ቅንብር ጉዳይ ነው፤ ያንን ያደረግነው ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጊት ፑልን ፊደል በፊደል ስጽፍ የወንበሩ ባለቤት ከጎኔ ቆሞ ያያል።

«አሊያስ አለኝ እኮ» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩትና ኢንተርን ተጫንኩ።