ላዩ አንድ ዓይነት፣ ውስጡን ለቄስ፦ ስለ ቻርጀር ገመዶች

ባለፈው ሳምንት በላፕቶፔ ስክሪን ጥግ ላይ ቻርጅ የሚደረገው በዝግታ መሆኑን የሚገልጽ ማሳሰቢያ ብቅ አለ። ግድግዳው ላይ የተሰካው ጭንቅላት ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የመጣው ባለ 100 ዋቱ ነው፤ የሰካሁበትም ቀዳዳ የወትሮው ነው። በመጀመሪያ ባትሪው አርጅቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ቀጥዬ ጭንቅላቱን ጠረጠርኩ፤ ላፕቶፑንም አጥፍቼ አበራሁት፤ ሶፍትዌሩንም አፕዴት አደረግኩ። ሁለት ቀን ከደከምኩ በኋላ ጥፋቱ የገመዱ ሆኖ ተገኘ። ለካ መሳቢያዬ ውስጥ ገመዶቹ ተቀላቅለው ኖሮ፣ ከአንድ የብሉቱዝ ኢርፎን ጋር አብሮ የመጣውን ገመድ አንስቼ ነበር የሰካሁት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው፣ በውፍረታቸው ላይ ካለው ትንሽ ልዩነት በቀር፣ ጫፋቸው መንትያ ነው።

ከዚያ ወዲያ መሳቢያውን ገልብጬ ገመዶቹን ቆጠርኳቸው። ሁለቱም ጫፋቸው ታይፕ ሲ (ግራ ቀኝ ሳይል የሚገባው ትንሹ ሞላላ የዩኤስቢ መሰኪያ) የሆነ 11 ገመድ አገኘሁ። ከእነዚህ መካከል ስንት ዋት እንደሚሸከም ላዩ ላይ የተጻፈበት 2 ብቻ ነው። የቀሩትን 9 ገመዶች ዓይን አይለያቸውም፤ ላያቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ውስጣቸውን ለቄስ። ስለ ታይፕ ሲ ያለኝን ሐሳብ ለመጻፍ የተነሣሁትም በዚህ ምክንያት ነው፤ የቀዳዳውን ቅርጽ አንድ ማድረጉን ከልቤ የምደግፍ ሰው ብሆንም፣ ቅርጹ አንድ ሲሆን የችሎታው ልዩነት ከዓይን መሰወሩ ግን ደግ ነገር አልመሰለኝም።

ጭንቀቱ አዲስ አይደለም። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የመጀመሪያው የዩኤስቢ ደረጃ በ1996 ሲወጣ፣ በኢንቴል ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት አጃይ ባትና ባልደረቦቻቸው የተነሡበት ዓላማ ኪቦርዱን፣ ማውሱንና ፕሪንተሩን በየራሳቸው ልዩ መሰኪያ ከመሰካት አላቅቆ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ቀዳዳ ማገናኘት ነበር። ዓላማቸው ተሳክቷል። ጥንት የነበረውን የመሰኪያ ዓይነት ብዛት የሚያስታውስ ሰው ለእነዚህ መሐንዲሶች ምስጋና ይገባቸዋል ማለቱ አይቀርም፤ ምንም እንኳ ያ ጠፍጣፋ አራት ማዕዘን ጫፍ በአንድ በኩል ብቻ የሚገባ በመሆኑ፣ ሰው ሲሰካው መጀመሪያ እምቢ ብሎት፣ ገልብጦ ሞክሮ እንደገና እምቢ ብሎት፣ በሦስተኛው፣ ያውም በመጀመሪያው አኳኋን፣ የሚገባለት ቢሆንም። በሁለቱም በኩል እንዲገባ ማድረግ በጊዜው ሽቦውን ስለሚያበዛና ወጪውንም ስለሚያንር ነበር የተተወው።

በስልኩ ዓለም ግን እያንዳንዱ አምራች ለረጅም ጊዜ የራሱን ቀዳዳ ይዞ ቆይቷል፤ አንዳንዱማ ለራሱ ሁለት ሞዴሎች እንኳ አንድ ቻርጀር አይበቃውም ነበር። በ2009 ትላልቅ የስልክ አምራቾች ከአውሮፓ ኮሚሽን ጋር ተስማምተው ማይክሮ ዩኤስቢን የጋራ ለማድረግ ሞከሩ፤ ስምምነቱ ግን የፈቃደኝነት ነበርና አፕል በ2012 ከአይፎን 5 ጋር ላይትኒንግ የተባለውን የራሱን መሰኪያ ይዞ መጣ። እውነቱን ለመናገር፣ ላይትኒንግ ከማይክሮ ዩኤስቢ የተሻለ ነበር፤ ግራ ቀኝ ሳይል ይገባል፣ ጫፉም በቀላሉ አይጣመምም። በነሐሴ 2014 የታይፕ ሲ ደረጃ ሲወጣ ነው ያ ምቾት የሁሉም ሊሆን የቻለው። የአውሮፓ ፓርላማ ደግሞ በጥቅምት 2022 በ602 ድጋፍ፣ በ13 ተቃውሞና በ8 ድምፀ ተዓቅቦ ታይፕ ሲ የጋራ የቻርጅ መሰኪያ እንዲሆን ሕግ አደረገው፤ ሕጉም በስልኮች ላይ ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ ጸና። አፕል ሕጉ ፈጠራን ያቀጭጫል እያለ ሲከራከር ከቆየ በኋላ፣ ቀነ ገደቡ ሳይደርስ በ2023 አይፎን 15ን በታይፕ ሲ አወጣ።

እኔ ከሕጉ ጎን ነኝ። መሰኪያ ማለት ፈጠራ በየዓመቱ የሚፈስበት ቦታ አይደለም፤ እንደ በር ቁልፍ ቀዳዳ ሰው ሳያስበው የሚጠቀምበት ነገር መሆን አለበት። ይሁን እንጂ ያው አይፎን 15 ራሱ የምለውን ነገር በሚገባ ያሳያል። መደበኛው አይፎን 15 እና አይፎን 15 ፕሮ ሲታዩ አንድ ዓይነት ቀዳዳ አላቸው፤ በመደበኛው በኩል ግን መረጃ የሚያልፈው በዩኤስቢ 2 ፍጥነት፣ ማለትም በሴኮንድ እስከ 480 ሜጋቢት ሲሆን፣ በፕሮው በኩል እስከ 10 ጊጋቢት ይደርሳል። 100 ጊጋባይት (አንድ ባይት 8 ቢት ነው) ቪዲዮ ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር የሚፈልግ ሰው፣ በወረቀት ስሌት ብቻ ቢታሰብ፣ በአንደኛው ወደ 28 ደቂቃ፣ በሌላው ደግሞ 80 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በዚህ ላይ ከስልኩ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ገመድ በፕሮውም ቢሆን የዩኤስቢ 2 ገመድ ነው፤ ስለዚህ የፈጣኑ ስልክ ባለቤት ሌላ ገመድ እስኪገዛ ድረስ ፍጥነቱን አያያትም።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ መልሱ ያለው በገመዱ ሆድ ውስጥ ነው። የታይፕ ሲ መሰኪያ በጠቅላላው 24 መገናኛ ነጥቦች አሉት፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ገመድ ለሁሉም ነጥቦች ሽቦ እንዲኖረው አይገደድም። ኤሌክትሪክ ብቻ ለማድረስና መረጃን በዝግታ ለማሳለፍ ጥቂት ሽቦ ይበቃል፤ ጥቂት ሽቦ ደግሞ ርካሽና ቀጭን ነው። ስለ ኤሌክትሪኩም ቢሆን ተራው ገመድ 3 አምፔር ብቻ ነው የሚፈቀድለት፤ ይህም በ20 ቮልት 60 ዋት ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ በላይ፣ ማለትም 5 አምፔር የሚሸከም ገመድ፣ ችሎታውን ለጭንቅላቱ የሚናገር ትንሽ ቺፕ በጫፉ ውስጥ ሊኖረው ግድ ነው። ጭንቅላቱ ኤሌክትሪኩን ከመልቀቁ በፊት መሣሪያውን ምን ያህል እንደሚፈልግ፣ ገመዱን ደግሞ ምን ያህል እንደሚችል ይጠይቃል፤ ቺፕ የሌለው ገመድ መልስ ስለማይሰጥ እንደ ደካማ ተቆጥሮ በ60 ዋት ይወሰናል። የእኔ ላፕቶፕ ያለቀሰውም ለዚሁ ነው፤ ባለ 100 ዋቱ ጭንቅላት የኢርፎኑን ገመድ ጠይቆ ዝም ስላለው፣ 40 ዋቱን ለራሱ አስቀርቶታል።

ይህ አሠራር በራሱ የሚያስመሰግን መሆኑን ልደብቅ አልፈልግም። ገመዱ ከሚችለው በላይ ኤሌክትሪክ ቢለቀቅበት ሊግልና ሊቃጠል ይችል ነበር፤ መሣሪያዎቹ ተነጋግረው ከአቅም በታች መወሰናቸው የሚጠቅመው እኛን ነው። ቅሬታዬ ጭንቅላቱ፣ ገመዱና ላፕቶፑ እርስ በርስ የሚያውቁትን ነገር፣ ገንዘቡን የከፈለው ሰው ብቻ ሳያውቀው መቅረቱ ነው።

ስያሜውም ቢሆን ከመርዳት ይልቅ አደናግሯል። በ2008 ዩኤስቢ 3.0 ተብሎ የወጣው ደረጃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዩኤስቢ 3.1 ጄን 1 ተባለ፤ ቆየት ብሎም ዩኤስቢ 3.2 ጄን 1 ሆነ፤ ፍጥነቱ ግን ያው በሴኮንድ 5 ጊጋቢት ነው። አንድን ሰው በየጊዜው ስሙን እየለወጡ ሲያስተዋውቁት አዲስ እንግዳ ይመስላል፤ እዚህም የሆነው እንደዚያ ነው። ደረጃውን የሚያስተዳድረው ማኅበር በመጨረሻ ነገሩ ገብቶት፣ ከ2021 ጀምሮ ገመዶች ላይ የሚለጠፍ 60 ዋት ወይም 240 ዋት የሚል ምልክት አወጣ፤ በ2022 ደግሞ በስሞቹ ፈንታ ለገዢው ፍጥነቱን በቁጥር መጻፍ ይበቃል አለ። ጥሩ ነው። ሆኖም ምልክቱን የሚያገኘው ተፈትኖ ያለፈ ገመድ ነው፤ ማስፈተን ደግሞ ግዴታ አይደለም። የጋራ ቻርጀሩ ሕግ የመሣሪያው ካርቶን ላይ ቢያንስና ቢበዛ ስንት ዋት እንደሚቀበል እንዲጻፍ ያዝዛል፤ ካርቶኑን ግን ሰው በሳምንቱ ይጥለዋል፣ ገመዱ ነው አብሮን የሚኖረው።

ከዚህ ግራ መጋባት የተነሣ በሰው ዘንድ የሚዘዋወሩ ሁለት ፍርሃቶች አሉ። አንደኛው፣ ትልቅ ጭንቅላት ትንሽ ስልክ ያቃጥላል የሚለው ነው። ደረጃውን በጠበቀ ዕቃ ይህ አይሆንም፤ ጭንቅላቱ ሲጀምር የሚሰጠው 5 ቮልት ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሄደው ስልኩ ሲጠይቀው ነው፤ በዋቱ ትልቅነትም ስልኩ ላይ አስገድዶ የሚያፈስሰው ነገር የለም። የላፕቶፔን ጭንቅላት ለስልኬም ለኢርፎኔም የምጠቀምበት ያለ ሥጋት ነው።

ሁለተኛው ባትሪ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ቻርጅ ማድረግ ይጎዳዋል የሚለው ሲሆን፣ ይህ ከአሮጌ ዘመን የወረስነው እውነት ነበር፤ በኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ዘመን ሳይጨርሱ ደጋግሞ መሙላት አቅማቸውን የሚቀንስበት ሁኔታ ነበር። ሶኒ በ1991 ለገበያ ያቀረበው፣ በ2019 ደግሞ ጆን ጉዲናፍን፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምንና አኪራ ዮሺኖን ለኖቤል ሽልማት ያበቃቸው የሊቲየም አዮን ባትሪ ግን ጠባዩ የተለየ ነው። እሱን የሚያስረጀው ሙቀትና በ100 ፐርሰንት ላይ ለረጅም ሰዓት መቆየት ነው፤ ባዶ ሆኖ መክረምም እንዲሁ። ብዙ ስልኮች ላይ ዛሬ የሚገኘው በ80 ፐርሰንት እንዲቆም የሚያደርገው ምርጫ የመጣው ከዚህ ነው፤ እኔም ሌሊት ላይ እጠቀምበታለሁ፤ መንገደኛ በምሆንበት ቀን ግን አጠፋዋለሁ፤ ስልኩ ለእኔ እንጂ እኔ ለባትሪው አልተፈጠርኩም።

ስለ ፈጣን ቻርጅ የሚነገረውን ቁጥርም በጥንቃቄ ብናየው ደስ ይለኛል። ባትሪው ባዶ ሊሆን ሲቃረብ ብዙ ኤሌክትሪክ ይቀበላል፤ እየሞላ ሲመጣ ግን ስልኩ ራሱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ80 ፐርሰንት በኋላ ያለው ጉዞ ረጅም የሚመስለንም ለዚህ ነው። ማስታወቂያው ላይ በደማቁ የሚጻፈው የዋት መጠን የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ብቻ የሚመለከት ነው። በዚህ ላይ አንዳንድ የስልክ አምራቾች ከፍተኛው ፍጥነት የሚገኘው በራሳቸው ጭንቅላትና በራሳቸው ገመድ ብቻ እንዲሆን አድርገዋል፤ ቀዳዳው የጋራ ሆኖ ቋንቋው የግል ሲሆን ማለት ነው። የገመድ አልባውን ቻርጅ ነገር ብዙ አላወራበትም፤ ለዴስክ ይመቻል፣ ነገር ግን ከኤሌክትሪኩ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል፣ ሙቀት ደግሞ ባትሪውን እንደሚጎዳ ብያለሁ።

አፕል በ2020 ከአይፎን 12 ጀምሮ ጭንቅላቱን ከካርቶኑ ሲያስወጣ፣ ሌሎችም ሲከተሉት፣ ብዙ ሰው ተቆጥቶ ነበር። እኔ በሐሳቡ አልተቆጣሁም፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ስልክ አዲስ ጭንቅላት መደርደር ብክነት ነው። ግን ይህ አካሄድ ትርጉም የሚኖረው ሰው ቤቱ ያለው አሮጌ ዕቃ ለአዲሱ ይበቃ እንደሆነ አንብቦ ሲረዳ ነው። ጭንቅላቱ ላይ እንኳ በአጉሊ መነጽር የሚነበብ ቢሆንም ጽሑፍ አለ፤ አብዛኛው ገመድ ላይ ግን ምንም የለም። የምጠይቀው ጥቂት ነው፤ ማንኛውም ታይፕ ሲ ገመድ ሲሠራ ስንት ዋት እንደሚሸከምና በምን ፍጥነት መረጃ እንደሚያሳልፍ ሁለት ቁጥር ጫፉ ላይ ይታተምበት፤ ያውም በማይለቅ ቀለም። የአምራቹ ዓርማ የሚታተምበት ቦታ ከተገኘ፣ ለሁለት ቁጥር የሚሆን ቦታ አይጠፋም።

እስከዚያው ድረስ ሥራውን ራሴ ጀምሬዋለሁ። በዩኤስቢ ቀዳዳና በገመዱ መካከል ገብታ ቮልቱንና አምፔሩን በትንሽ ስክሪን የምታሳይ መለኪያ ገዛሁና ገመዶቼን አንድ በአንድ በባለ 100 ዋቱ ጭንቅላት ፈተንኳቸው፤ ለፍጥነቱ ደግሞ አንድን ትልቅ ፋይል በእያንዳንዱ ገመድ በኩል ወደ ውጫዊ ዲስክ እያዛወርኩ ሰዓት ያዝኩ። ከ11ዱ ከ60 ዋት በላይ ያሳለፉት 3 ናቸው፤ ከሦስቱም መካከል መረጃ በፍጥነት ያሳለፈው 1 ብቻ ነው። ውጤቱን በነጭ ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ ጽፌ በየአንገታቸው ጠመጠምኩላቸው። የኢርፎኑ ገመድ አሁን «60፣ ቀርፋፋ» የሚል ጽሑፍ አንገቱ ላይ አለው፤ ላፕቶፑ አጠገብም አይደርስም።