የተማሪው ረኀብና የግቢው ክሊኒክ

በአሜሪካ ኮሌጆች ክሊኒኮች የደም ግፊትንና የሰውነት ሙቀትን መለካት የተለመደ ቢሆንም፣ ተማሪው በቂ ምግብ ማግኘቱን መጠየቅ ግን የሁሉም ልማድ አልሆነም። የአገሪቱ የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ በ2020 ከኮሌጅ ተማሪዎች 23 በመቶው፣ ማለትም ወደ 3.8 ሚሊዮን የሚጠጉት፣ የምግብ ዋስትና እንዳልነበራቸው ገልጿል።

በራስ ምታት ወይም በድካም የመጣ ተማሪ መራቡን በገዛ አንደበቱ የሚናገረው ከስንት አንዴ ነው፤ ገበናን መሸፈን እንደ ክብር በሚቆጠርበት ቤት ላደግን ለእኛማ ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ ጥያቄው ከሐኪሙ ወገን መነሣት አለበት ብዬ አምናለሁ። በጤና ተቋማት የሚሠራበት አጭር መጠይቅ ሁለት ነገር ብቻ ያጣራል፤ ባለፉት 12 ወራት ገንዘብ ሳይገኝ ምግብ ያልቃል የሚል ስጋት መኖሩን፣ እንዲሁም የተገዛው ምግብ ሳያዳርስ አልቆ መግዣ መታጣቱን። ለአንዱ እንኳ «ብዙ ጊዜ» ወይም «አንዳንድ ጊዜ» ብሎ የመለሰ ሰው ለምግብ እጦት ተጋላጭ ተደርጎ ይወሰዳል።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ምግብ በነጻ የሚታደልበት የግቢው የምግብ ባንክ ለሳምንቱ ይረዳል። ስናፕ የተባለው የፌዴራል የምግብ ድጎማ ግን ከሙሉ ጊዜ ትምህርት ቢያንስ ግማሹን ለመማር የተመዘገቡ ተማሪዎችን፣ በሳምንት 20 ሰዓት እንደ መሥራት ያለ ምክንያት ከሌላቸው በአብዛኛው አይቀበልም፤ በተማሪ ቪዛ የገቡትን ጨርሶ አያካትትም፤ በዲቪ የመጡ አዋቂዎችም በአብዛኛው አምስት ዓመት ይጠብቃሉ። ይህን ሁሉ ለተራበ ወጣት ብቻውን መተው ተገቢ ስላልሆነ፣ ማመልከቻውን አብሮት የሚሞላ ማኅበራዊ ሠራተኛ በክሊኒኩ ውስጥ ሊኖር ይገባል። ኢንሱሊን የሚወስድ ተማሪ ጉዳይ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ሳይበላ መድኃኒቱን ቢወስድ የደሙ ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል፣ ከክሊኒኩ ሳይወጣ ምግብ ሊያገኝ ይገባዋል።