ደቻቱ በጥር

ድሬዳዋ ላይ ሃይድሮሎጂ፣ ማለትም የውሃን ጥናት የሚያስተምር ሰው ምሳሌ አይቸግረውም። የከተማዋን ሁለት ሰፈሮች፣ ከዚራን ከመጋላ የሚለየው የደቻቱ ወንዝ ከግቢያችን በባጃጅ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። እኔ ግን ለሥራ የመጣሁ የደጋ ልጅ ነኝ፤ ባደግሁበት አገር ወንዝ ማለት ውሃ ማለት ነው። ስህተቴ ከዚያ የጀመረ ይመስለኛል።

ሳምንቱ የፈተና እርማት የበዛበት ነበር። ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ስለደረሰው የደቻቱ ጎርፍ ሦስት ገጽ ያህል ማስተማሪያ ማዘጋጀት ነበረብኝ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) መሣሪያ የሆነውን ቻትጂፒቲን ጠየቅሁት። ውሃ ልጠጣ ተነስቼ ስመለስ ጽሑፉ አልቆ ጠበቀኝ። ሠንጠረዥ አለው፤ ከፍተኛው ፍሰት እስከ ሁለት አስርዮሽ ድረስ ተቀምጧል፤ ከግርጌው የሦስት ጥናቶች ርዕስ ከነገጻቸው ተደርድሯል። አንድ ጊዜ በዓይኔ ገረፍ አድርጌው 40 ቅጂ አስባዛሁ።

እዚህ ላይ መናዘዝ ያለብኝ ነገር አለ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ በትምህርት ክፍላችን ስብሰባ ላይ «ተማሪዎቹ የቤት ሥራቸውን በኤአይ እያስጻፉ ነው፤ መለያ ሶፍትዌር ይገዛልን!» ብዬ ጠረጴዛ የደበደብሁት እኔው ነበርሁ።

ጠዋት ወረቀቱን አድዬ ማብራራት እንደጀመርሁ አንድ ልጅ ከኋላ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ይህ ሠንጠረዥ የየትኛው ወንዝ ነው?»

«የደቻቱ ነዋ!»

«የጥር ወር አማካይ ፍሰት ይላል። በጥርማ እኛ ደቻቱ ላይ ኳስ ነው የምንጫወተው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ወረቀቱን የዚያን ጊዜ ገና በትክክል አየሁት። አሥራ ሁለት ወር፣ አሥራ ሁለት ቁጥር፤ አንድም ዜሮ የለም። ዝቅ ብሎ ደግሞ የጎርፉ መነሻ ከተማዋ ላይ የወረደው ከባድ ዝናብ እንደሆነ ጽፏል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች፣ ከሌሎቹ ጋር ያልሳቀች ልጅ ቀስ ብላ «ውሃው እኮ ከላይ፣ ከተራራው ነው የመጣው» አለች። ልክ ናት። ደራሽ ጎርፍ የሚያሰኘውም ይኸው ነው፤ ዝናቡ ደጋው ላይ ይወርዳል፣ ውሃው ቆላ ላይ የተኛውን ሰው ይደርስበታል። ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ የሞተው ሰው ከ200 በላይ ነው። በዚህ ከተማ ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም።

ማታ ሦስቱን ጥናቶች ፈለግሁ። ሁለቱ የትም የሉም። የሦስተኛው መጽሔት እውነተኛ ነው፤ የተጠቀሰው ገጽ ላይ ያለው ግን የሌላ ሰው፣ የሌላ ጉዳይ ጽሑፍ ነው።

መሣሪያው ሊያታልለኝ አስቦ አይደለም። ሥራው ካለፈው ቃል ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ መደርደር ነው። ስለ ዓባይ የተጻፈው ብዙ ስለሆነ ግምቱ ይሠምርለታል። ስለ ደቻቱ የተጻፈው ጥቂት ነው፤ ባዶው ቦታ ላይ ወንዝ የሚባል ነገር በአብዛኛው የሚመስለውን ይሞላበታል። የጥር ወሩን ውሃ ከሌሎች ወንዞች ቀድቶ ነው ያመጣልኝ።

የመለያ ሶፍትዌሩን ጥያቄ በሚቀጥለው ስብሰባ ራሴ ሰረዝሁት። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንድ መለያ አውጥቶ ነበር፤ በኤአይ ከተጻፉት ውስጥ የያዘው 26 በመቶውን ብቻ ነው፤ ሰው ከጻፋቸውም 9 በመቶውን በስህተት ወንጅሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ዘጋው። ከዚህ ይልቅ የከበደኝ ሌላ ነው፤ በስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሙከራ መለያዎቹ እንግሊዝኛ አፋቸውን ያልፈቱበት ሰዎች ከጻፏቸው የፈተና ድርሰቶች ከግማሽ በላዩን የኤአይ ናቸው ብለዋል። በእኔ ክፍል እንግሊዝኛ ሦስተኛ፣ ለአንዳንዱም አራተኛ ቋንቋው ነው። ያ ሶፍትዌር ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ ስንቱን እወነጅል ነበር!

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ያንኑ ወረቀት ከቀይ እስክሪብቶ ጋር መልሼ ሰጠኋቸው። «መልስ አልፈልግም፤ ስህተት አምጡ፤ ስህተት ነው ላላችሁት ግን ማስረጃ» አልሁ። ለፈተና ሲያነቡ እንደዚያ ሲያነቡ አይቼ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ያቺ ያልሳቀችው ልጅ ቢሮዬ መጣች። የአያቷ ቤት ግድግዳ ላይ ውሃው የደረሰበት መስመር አሁንም አለ፤ ቤቱ ቀለም በተቀባ ቁጥር አሮጊቷ ያንን ቦታ አያስነኩም።

ለሃይድሮሎጂ መምህር ይህ ወርቅ ነው። ሜትርና ሌቭል (የከፍታ መለኪያ) ይዘን ወረድን። የአሸዋውን ስፋትና ቁልቁለት ለካን፤ ከመስመሩ ከፍታ ጋር የወንዝ ፍሰት በሚሰላበት በማኒንግ ቀመር አስገባነው። አምስት ቡድን አምስት መልስ አመጣ። ቀመሩ የወንዙን አልጋ ሻካራነት በግምት ስጡኝ ይላል፤ ያ ግምት ከ0.03 ወደ 0.05 ቢሄድ ፍሰቱ በ40 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን የትኛውን ቁጥር ለምን እንደመረጠ ፊቴ ቆሞ እንዲያስረዳ አደረግሁ። በዚያ አምስት ደቂቃ ማን እንደሠራና ማን እንዳስሠራ ይታወቃል።

ኤአይን አልከለከልሁም። የለካነውን ቁጥር እኛ ሰጥተነው ስሌቱንና የመለኪያ አሃዱን እንዲያይልን ጠየቅነው፤ አንዱ ቡድን ሴንቲሜትርን እንደ ሜትር መውሰዱን ወዲያው ነገረን። ለእንዲህ ያለው ሥራ ጎበዝ ነው። ተማሪዎቹ ከኤአይ ጋር ካደረጉት ውይይት ቅጂ ላይ የተቀበሉትንና የጣሉትን ምልክት አድርገው ያስረክባሉ፤ የማንም ስምና ውጤት ግን እዚያ አይገባም።

የለካን ቀን አሮጊቷ ሆጃ አፍልተው ግቢያቸው አስቀመጡን። ልጆቹ ስልክ ላይ ሲያቀረቅሩ አሮጊቷ ሲያዩ ቆዩና «ይህ ነገር የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ ይናገራል?» ብለው ጠየቁ።

«አይ አያቴ፣ ያለፈውንም በቅጡ አያውቀው» አለች ልጅቷ።

አሮጊቷ ወደ ደንገጎ ተራራ አቅጣጫ ቀና ብለው አዩና ስኒዬን ደገሙልኝ።